የቆየች መኪና ቁልፍና ኤሌክትሪክ፦ ጋራዥ ከመግባታችን በፊት የምናያቸው ነገሮች

እኔ ናይሮቢ ውስጥ በመኪና ኤሌክትሪክ ሥራ የምተዳደር ስደተኛ ነኝ። ከካኩማና ከዳዳብ የሚደውሉልኝ ልጆች በብዛት የሚያነሱት ሁለት ነገር ነው፦ አንዱ ሙያውን እንዴት እንማር የሚል ነው፤ ሌላው ደግሞ ዘመድ አዋጥቶ የገዛት አሮጌ መኪና ቆመችብን የሚል። ይህ ጽሑፍ ለሁለቱም ይሆናል።

ከሁሉ በፊት አንድ ነገር ያዙልኝ። «ኤሌክትሪኳ ተበላሸ» የተባለች መኪና ችግሯ አብዛኛውን ጊዜ ከባትሪ፣ ከገመድ ጫፍ ወይም ከፊውዝ አያልፍም። እነዚህን ሦስቱን ሳያይ «ዲናሞ ይቀየር፣ ኮምፒውተር ይቀየር» የሚል ሰው ገንዘባችሁን ነው የሚበላው። በመኪናዋ እንጀራ የሚበላ ሰው ደግሞ ገንዘቡም ይሄዳል፣ ቀኑም ይባክናል።

ኬንያ ከተመረቱ ከ8 ዓመት በላይ የሆናቸው መኪኖች እንዲገቡ አትፈቅድም። ስለዚህ እዚህ የምታዩዋቸው በ1990ዎቹ (እ.ኤ.አ.) የተሠሩ ኮሮላዎች ረጅም ዕድሜያቸውን ያሳለፉት እዚሁ መንገድ ላይ ነው። በብዙ ፉንዲ (ባለሙያ) እጅ አልፈዋል፤ ሬዲዮና አላርም ሲገጠምላቸው ሽቦአቸው ተቆርጦ ተቀጥሏል። ብልሽት ስትፈልጉ መጀመሪያ የሰው እጅ የነካውን ቦታ፣ በፕላስተር የተጠቀለለውን ቅጥያ እዩ።

1. ቁልፉ አልዞር ሲል

መኪናዋ ከቆመች በኋላ መሪው ተቆልፎ ቁልፉ እምቢ ካለ አታስገድዱት፤ ውስጥ ተሰብሮ ይቀራል። በአንድ እጅ መሪውን ወደ ግራና ወደ ቀኝ በትንሹ እያወዛወዛችሁ በሌላው ቁልፉን በቀስታ አዙሩ፤ ይለቃል። አውቶማቲክ መኪና ላይ ቁልፉ አልወጣ ካለ ደግሞ ማርሹ በትክክል ፓርክ ላይ መግባቱን እዩ።

በር ላይ ሲያስቸግር የሌላውን በር ሞክሩ። የሾፌሩ በር ብቻ እምቢ ካለ የበሩ ቁልፍ ቤት ቆሽሿል ወይም አልቋል። ሁሉም በር እምቢ ካለ ያለቀው ራሱ ቁልፉ ነው። ያለቀ ቁልፍ ወስዶ ማስቀረጽ ትርፉ ሌላ ያለቀ ቁልፍ ማግኘት ነው፤ ብዙ ያልተሠራበት መለዋወጫ ቁልፍ ካለ እሱን አስቀርጹ።

ቁልፍ ቤት ውስጥ የሞተር ዘይት አትጨምሩ። ዘይት አቧራ ይይዛል፤ በካኩማ አቧራ ደግሞ በሳምንት ውስጥ ጭቃ ይሆናል። የሚሻለው የግራፋይት ዱቄት ነው። ከጠፋ ለስላሳ የመጻፊያ እርሳስ ቁልፉ ላይ በደንብ አሽታችሁ አስር ጊዜ ያህል አስገብታችሁ አውጡት።

የኋላ በር ከውጭ ተከፍቶ ከውስጥ ካልተከፈተ ብልሽት ላይሆን ይችላል። በሩን ከፍታችሁ ጠርዙ ላይ ያለችውን ትንሽ የልጆች መቆለፊያ እዩ።

2. ቺፕ ያለው ቁልፍ

ከ1990ዎቹ መጨረሻ ወዲህ በተሠሩ ብዙ መኪኖች ቁልፍ ራስ ውስጥ ቺፕ አለ። ቺፕ የሌለው ቅጂ በሩን ይከፍታል፣ ይዞራልም፤ ሞተሩ ግን አይነሳም፣ ወይም ተነስቶ ወዲያው ይጠፋል። ዳሽቦርዱ ላይ የቁልፍ ወይም የመኪና ምልክት ብልጭ ድርግም ካለ ነገሩ ይኸው ነው። ሁሉም ቁልፎች ከጠፉ ሥራውም ወጪውም ይበዛል። ስለዚህ አንድ ቁልፍ ብቻ ያላት መኪና ስትገዙ ከዋጋው ቀንሱ፣ ሁለተኛውንም ሳትዘገዩ አስወጡ።

ሪሞቱ ከሩቅ መሥራት ካቆመ ውስጡ ያለው ክብ ባትሪ አልቆ ይሆናል። ብዙዎቹ 3 ቮልት ናቸው፤ ቁጥሩ (ለምሳሌ ሲአር 2032) ጀርባው ላይ ተጽፏል፣ ያንኑ ግዙ።

3. አልነሳም ስትል

የፊት መብራት አብርታችሁ አስነሱ። መብራቱ ደብዝዞ «ቀጭ ቀጭ» ካለ ባትሪው ደክሟል ወይም የገመዱ ጫፍ ላልቷል። መብራቱ ሳይደበዝዝ አንድ ጊዜ «ቀጭ» ብቻ ካለ ወደ ሞተሪኖ (ሞተሩን ወደሚያስነሳው) ተጠጉ።

ቴስተር ካላችሁ፣ ሞተሩ ጠፍቶ ካደረ በኋላ ሙሉ ባትሪ 12.6 ቮልት ገደማ ያሳያል፤ 12.2 ማለት በግማሽ ወርዷል። ሞተሩ ሲሠራ ከ13.8 እስከ 14.4 ካሳየ ዲናሞው እየሞላ ነው፤ ቀይሩት የሚላችሁን አትስሙ። አንዳንዱ ዲናሞ ለመፈተሽ ሞተሩ እየሠራ የባትሪ ገመድ ይነቅላል። ይህን አትፍቀዱ፤ ድንገት የሚዘለው ቮልት ዲናሞውንም ኮምፒውተሩንም ሊያቃጥል ይችላል።

ጫፉ ላይ ነጭ ወይም አረንጓዴ ዝገት ካለ፣ መጀመሪያ ኔጌቲቩን (ጥቁሩን) ፍቱ፣ ከዚያ ቀዩን። ሙቅ ውሃ ውስጥ ቤኪንግ ሶዳ በጥብጣችሁ በብሩሽ እጠቡ፣ አድርቁ፣ ስትመልሱ ቀዩን አስቀድማችሁ ጥቁሩን በመጨረሻ አጥብቁ። ባትሪ አጠገብ ሲጋራ የለም፤ የሚወጣው ጋዝ ይፈነዳል።

ከሌላ መኪና ስታስነሱ ቅደም ተከተሉ ይህ ነው፦ ቀይ ከሞተው ባትሪ ፖዘቲቭ፣ ቀይ ከደህናው ፖዘቲቭ፣ ጥቁር ከደህናው ኔጌቲቭ፣ የመጨረሻው ጥቁር ግን ከሞተው ባትሪ ራቅ ብሎ ሞተሩ ላይ ካለ ንጹሕ ብረት ጋር።

4. ፊውዝ

አንድ ሳጥን ኮፋኖ ሥር፣ ሌላው ብዙውን ጊዜ ከዳሽቦርዱ በታች ነው። ክዳኑ ላይ የቱ ለምን እንደሆነ ተጽፏል። ቀለሙ መጠኑን ይነግራችኋል፦ ቀይ 10 አምፔር፣ ሰማያዊ 15፣ ቢጫ 20፣ አረንጓዴ 30። ውስጡ ያለው ክር ከተበጠሰ በዚያው ቁጥር ተኩ። ከፍ ባለ ቁጥር፣ በምስማር ወይም በሲጋራ ወረቀት መተካት ማለት በፊውዙ ፈንታ ሽቦው እንዲነድ መፍቀድ ነው። አዲሱ ወዲያው ከተቃጠለ የሆነ ቦታ ሽቦ ተልጦ ቦዲ ነክቷል፤ ሌላ ፊውዝ አትጨርሱ፣ ሽቦውን ፈልጉ።

ክላክስ ወይም ሌላ ነገር በሪሌ የሚሠራ ከሆነ ከጎኑ ያለውን ተመሳሳይ ሪሌ አውጥታችሁ በቦታው ሞክሩ። ሠራ? እንግዲያው የሚገዛው ሪሌ ብቻ ነው። መሪው ሥር ያለውን ቢጫ ሶኬት ግን አትንኩ፤ የኤርባግ ነው።

5. መብራትና የማይታይ ፍጆታ

የፍሬን መብራት ወይም ፍሬቻ ከጠፋ ፖሊስ ያስቆማችኋል፤ ወረቀቱ ያልተሟላ ሰው ደግሞ ከዚህ የከፋ ጣጣ ውስጥ ይገባል። በየሳምንቱ ሰው ኋላ አቁማችሁ ፍሬን ርገጡ። ፍሬቻ ሲፈጥን አብዛኛውን ጊዜ በዚያ በኩል አንድ አምፖል ተቃጥሏል ማለት ነው። አንዱን ስታበሩ ሌላው አብሮ ከደበዘዘ ወደ ቦዲ የሚሄደው ጥቁር ሽቦ ዝጓል፤ ፈታችሁ በሸካራ ወረቀት አጽዱት።

ባትሪው አድሮ ባዶ የሚሆን ከሆነ፣ ሁሉን አጥፍታችሁ በሮቹን ዘግታችሁ፣ ቴስተሩን 10 አምፔር ላይ አድርጋችሁ በኔጌቲቩና በገመዱ መካከል አስገቡ። ጥቂት ደቂቃ ጠብቁ። ከ50 ሚሊአምፔር በላይ ከሆነ ፊውዞቹን አንድ በአንድ ንቀሉ፤ ቁጥሩ የወረደበት ፊውዝ ሌባውን ያሳያችኋል። በዚህ ጊዜ መኪናዋን ለማስነሳት አትሞክሩ።

6. ዕቃ ስትገዙ

ናይሮቢ ውስጥ ያገለገለ መለዋወጫ የሚፈለገው ኪሪኒያጋ መንገድ፣ በድሮ ስሙ ግሮጋን ነው። የተበላሸውን ዕቃ ይዛችሁ ሂዱ፣ ሪሲቲ (ደረሰኝ) ተቀበሉ። የሌላ መኪና ታርጋ ቁጥር የተቀረጸበት መስታወት ወይም መብራት አትግዙ። የምትፈልጓቸው ቃላት፦ ኡፉንጉዎ (ቁልፍ)፣ ምላንጎ (በር)፣ ታአ (መብራት)፣ ዋያ (ሽቦ)፣ ቤትሪ (ባትሪ)፣ ቤይ ጋኒ (ዋጋው ስንት ነው)።

የማታውቁት ሰው «መኪናዬን ክፈትልኝ» ካላችሁ መጀመሪያ ሎግቡክ፣ እኛ ሊብሬ የምንለውን፣ ከመታወቂያው ጋር አመሳክሩ። ስሙ ካልገጠመ እጃችሁን ሰብስቡ። ስደተኛ በሌባ መኪና ላይ ከተያዘ አላወቅኩም ነበር ቢል ማን ይሰማዋል?

7. ሙያውን ለምትፈልጉ

ካኩማ ያላችሁ በዶን ቦስኮ የሙያ ማሠልጠኛ ስለ መኪና መካኒክና ኤሌክትሪክ ትምህርት ጠይቁ። በልምድ የተማረም ቢሆን በኬንያ የኢንዱስትሪ ሥልጠና ባለሥልጣን (ኒታ) የሙያ ፈተና ተፈትኖ ደረጃ 3፣ ከዚያም 2ና 1 ማግኘት ይችላል። ከካምፕ የምትወጡት ግን የመንቀሳቀሻ ፈቃድ ይዛችሁ ይሁን። ለመጀመር ቴስተር፣ ካቻቢቴ፣ ፒንሳ፣ 10 ቁጥር ቁልፍና ጥቂት ፊውዝ ይበቃል።