አሮጌ ቮልስ እንደ ታሪክ ምንጭ፦ ስለ ጥገና፣ ስለ ረጅም መንገድና ስለ ባለሙያዎቹ

(በታሪክ ትምህርት ክፍል በተዘጋጀ የሕዝብ ገለጻ ላይ የቀረበ፤ ለንባብ እንዲመች በመጠኑ የተስተካከለ)



በዚህ አዳራሽ ስለ መንግሥት፣ ስለ መሬት ሥሪት፣ ስለ ጦርነትና ስለ ሃይማኖት ተቋማት ብዙ ገለጻዎችን ሰምታችኋል። የዛሬው ግን እ.ኤ.አ. በ1967 ስለተሠራች አንዲት ቮልስዋገን፣ እርሷን በመንገድ ላይ ለማቆየት ስለሚጠይቀው ድካምና ይህ ድካም ስለሚነግረን ታሪክ ነው። የማቀርበው መከራከሪያ አጭር ነው። በአገራችን የመኪና ታሪክ በአመዛኙ የተነገረው ከመምጣቱ አንጻር ነው፤ ከመቆየቱ አንጻር ግን ገና በወጉ አልተጻፈም። መኪናን ያመጡት ጥቂቶች ናቸው፤ ያቆዩት ብዙዎች ናቸው። የእነዚህ ብዙዎች ዕውቀት ደግሞ ሳይጻፍ እያለፈ ነው።

ከመነሻዬ አንድ ነገር ላሳስብ፦ እ.ኤ.አ. ብዬ ካልጠቀስኩ በቀር የምጠራቸው ዓመታት ሁሉ በእኛ አቆጣጠር ናቸው።

የመምጣት ታሪክ

የመምጣቱን ታሪክ አብዛኞቻችሁ ታውቁታላችሁ። በ1900 ዓ.ም. ቤድ ቤንትሊ የተባለ እንግሊዛዊ ሲድሊ በተሰኘች መኪና ከባሕር ጠረፍ ተነሥቶ አዲስ አበባ ገባ፤ ዳግማዊ ምኒልክም ተሳፈሩባት። በዚያው ዓመት አርኖልድ ሆልትዝ የተባለ ጀርመናዊ ሌላ መኪና ይዞ ደረሰ። በወቅቱ ከጅቡቲ የተነሣው የባቡር ሐዲድ ድሬዳዋ የደረሰው ገና በ1895 ዓ.ም. ነበርና ከዚያ ወዲህ አልዘለቀም፤ አዲስ አበባ የገባው በ1909 ዓ.ም. ነው። ስለዚህ መኪናዋ ወደ ዋና ከተማው በመግባት ባቡሩን ቀደመችው ማለት ነው።

ይህ ሁሉ በመጻሕፍት አለ። ይሁንና የሚቀጥለው ጥያቄ ሲጠየቅ ብዙ አልሰማሁም፦ ከዚያች የመጀመሪያ ቀን በኋላ ያንን ሞተር ማን አጠበው? ጎማው ሲያረጅ ማን ጠገነው? ቤንዚኑን ማን አመላለሰው? እንግሊዛዊው የታሪክ ተመራማሪ ዴቪድ ኤጀርተን እ.ኤ.አ. በ2006 ባሳተመው መጽሐፉ የቴክኖሎጂ ታሪክ ከፈጠራ ይልቅ ከአጠቃቀም አንጻር መታየት እንዳለበት ተከራክሯል፤ ለዚህም የጋናን የመኪና ጠጋኞች በምሳሌነት አንሥቷል። የጋናን ጠጋኞች ከእንግሊዛዊ መጽሐፍ አንብበን የሶማሌ ተራን ሰዎች ሳንጠይቅ መቅረታችን ለእኛ ለአገሬው የታሪክ መምህራን የሚያኮራ አይደለም።

ሊብሬ እንደ ሰነድ

መኪናዋን የገዛሁት በ1993 ዓ.ም. ከአንድ ጡረታ ከወጡ መምህር ነው። ከቁልፉ ጋር ሊብሬዋን ተረከብኩ። ማንም ባለ መኪና ሊብሬን ለዝውውርና ለዓመታዊ ምርመራ ይይዘዋል፤ እኔ ግን እንደ መዝገብ አነበብኩት። ከመምህሩ በፊት የአንድ የውጭ ድርጅት ሠራተኛ፣ ቀጥሎ አንድ የመንግሥት ሠራተኛ፣ ከዚያም አንዲት ነርስ ባለቤቶቿ ነበሩ። ቀለሟ ሁለት ጊዜ፣ የሞተር ቁጥሯ አንድ ጊዜ ተለውጧል። በእነዚህ ጥቂት መስመሮች ውስጥ የከተማ ደመወዝተኛው መደብ የሕይወት ታሪክ አለ፦ አዲስ መኪና ከውጭ ሰው እጅ ወደ ቢሮ ሠራተኛ፣ ከቢሮ ሠራተኛ ወደ ጤና ባለሙያና ወደ መምህር እንዴት እንደወረደች እናያለን። ባለቤት በተለወጠ ቁጥር የመግዣ አቅም ያንሳል፤ የጥገናው ድርሻ ይጨምራል።

ቮልስ በታሪካችን ውስጥ ሌላም ቦታ አላት። በየካቲት 1966 ዓ.ም. የነዳጅ ዋጋ መጨመሩን ተከትሎ የአዲስ አበባ ታክሲ ነጂዎች ሥራ አቆሙ። ከሰባት ወራት ገደማ በኋላ፣ መስከረም 2 ቀን 1967 ዓ.ም.፣ ቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ከዙፋናቸው መውረዳቸው ተነግሯቸው ከኢዮቤልዩ ቤተ መንግሥት የተወሰዱት በቮልስዋገን ነበር። ይህ ትዕይንት ብዙ ጊዜ የተተረከው ስለ ንጉሠ ነገሥቱ ውርደት ነው። ነገር ግን ትርጉም ሊሰጥ የቻለው የከተማው ሰው ሁሉ መኪናዋን አስቀድሞ ስለሚያውቃት ነው፤ ዘወትር በደጁ የምታልፍ፣ የመምህርና የጸሐፊ መኪና ነበረች። ምልክትነቷን የሰጣት ተራነቷ ነው።

የጋራዥ ቋንቋ

ከመኪናዋ ጋር የተረከብኩት ሁለተኛው ምንጭ ቋንቋ ነው። ማርሽ፣ ፍሪሲዮን፣ ካምቢዮ፣ ካንዴላ፣ ቸርኬ፣ ጎማ፣ ባልስትራ፣ ኩሽኔታ፣ ፍሬቻ፣ ሞተሪኖ፣ ኮፋኖ፣ ፖርቶመጋላ፤ ከመሣሪያዎቹም ካቻቢቴ፣ ፒንሳ፣ ክሪክ። ሊብሬ ራሱ እንዲሁ። ሁሉም ጣሊያንኛ ናቸው። ሹፌር ግን ከፈረንሳይኛ ነው። መኪናዋ ጀርመን አገር ተሠርታ ሳለ አንድም ክፍሏ በጋራዡ በጀርመንኛ አይጠራም።

ይህ የቃላት ክምችት የአንድ ሥራ ክፍፍል አሻራ ነው። ከ1928 እስከ 1933 ዓ.ም. በነበረው የወረራ ዘመን ጣሊያኖች መንገድና የጭነት መኪና በብዛት አስገቡ፤ በኤርትራ ደግሞ ከዚያ ብዙ ቀድመው ነበሩ። ወራሪው ሲሸነፍ መካኒኮቹ ሁሉ አልሄዱም፤ ከሥራቸው የነበሩ ልጆችም የያዙትን መፍቻ አልጣሉም። የወረራው ታሪክ በእኛ ዘንድ የአርበኝነትና የግፍ ታሪክ ነው፤ መሆንም ይገባዋል። ነገር ግን ያ ዘመን የወለደው የእጅ ሙያ ከወራሪው እጅ ወጥቶ የራሳችን መሆኑም የዚያው ታሪክ ክፍል ነው። ለዚህ ምስክር ፍለጋ ሮም መሄድ አያስፈልግም፤ አንድ ቀን ጋራዥ ውሎ መስማት ይበቃል።

ዕውቀቱ ምን ይመስላል

የቮልስ ሞተር ከኋላ የተቀመጠ ነው፤ የሚቀዘቅዘውም በውኃ ሳይሆን በአየር ነው። ራዲያተር ስለሌላት ውኃ አይፈላባትም፤ በዳገት አገር ይህ ትልቅ ጸጋ ነው። በአንጻሩ ዘይቷ ሁለት ሊትር ተኩል ብቻ ስለሆነና ተነቃይ የዘይት ማጣሪያ ስለሌላት በየ5,000 ኪሎ ሜትሩ ዘይቱን መለወጥና የወንፊቱን ዝቃጭ ማጠብ ግዴታ ነው። ቫልቮቿ የሚስተካከሉት ሞተሩ ሲበርድ ነው፤ ስለዚህም ሥራው የሚሠራው በማለዳ ነው። ዲናሞውንና ማራገቢያውን የሚያዞረው አንድ ቺንጋ ነው። ቀይዋ መብራት በድንገት ከበራች ቺንጋው ተበጥሶ ሊሆን ይችላልና ወዲያው መቆም ያስፈልጋል፤ ሞተሩ ማቀዝቀዣውን አጥቷል ማለት ነው።

ይህን ሁሉ ያስተማሩኝ በጋራዡ ሰው ሁሉ «ጋሼ» እያለ የሚጠራቸው አዛውንት ናቸው። ሰባ አምስት ዓመት አልፏቸዋል። ሙያውን በረዳትነት ጀምረው ከአንድ ጣሊያናዊ ጋር ለዓመታት ሠርተዋል። መኪና ሲመጣላቸው አስነሥተው ዓይናቸውን ጨፍነው ይቆማሉ። «ሞተር መጀመሪያ የሚፈታው በጆሮ ነው፤ ካቻቢቴ ከዚያ በኋላ ነው» ይላሉ።

አንድ ምሳሌ ልስጥ። ጋሼ የሦስተኛውን ሲሊንደር የጭስ ማውጫ ቫልቭ ከሌሎቹ ይልቅ በትንሹ ያላሉታል። ምክንያቱን ስጠይቃቸው «እሱ ነው ሁልጊዜ ተቃጥሎ የሚመጣልኝ» አሉኝ። የቴክኒክ መጻሕፍትን ሳገላብጥ እንዳየሁት፣ እ.ኤ.አ. እስከ 1970 በተሠሩት ሞተሮች የዘይት ማቀዝቀዣው የማራገቢያውን አየር በከፊል ስለሚከልል ሦስተኛው ሲሊንደር ከሌሎቹ ይበልጥ ይሞቃል። ጋሼ መጽሐፉን አላነበቡም፤ ያነበቡት የተቃጠሉ ቫልቮችን ነው። ማስረጃ ሰብስቦ፣ አነጻጽሮ፣ ከድምዳሜ ደርሶ ድምዳሜውን በሥራ መፈተን ምርምር ካልተባለ ምን ሊባል እንደሚችል አላውቅም።

የደርግ ዘመን የውጭ ምንዛሪ እጥረት ይህን ዕውቀት ይበልጥ አሳለው። መለዋወጫ በማይገኝበት ጊዜ ቶርኖ ቤት ገብቶ ማስቀረጽ፣ ከሞተች መኪና ለቆመች፣ ከቆመች ለምትሄድ ማዛወር የዘወትር ሥራ ሆነ።

መንገዱ

ዕውቀት የሚፈተነው በረጅም መንገድ ላይ ነው። በዚህች መኪና ደሴንም ባሕር ዳርንም ጎንደርንም አይቻለሁ፤ ወደ ጎንደር ያለው መንገድ ከ700 ኪሎ ሜትር ይበልጣል። ከሁሉም የሚያስተምረው ግን ከጎሐ ጽዮን ደጀን ያለው የዓባይ በረሃ ነው። በ40 ኪሎ ሜትር ገደማ ውስጥ ከሺህ ሜትር በላይ ወርዶ ያንኑ ያህል መውጣት አለ።

ሞተሯ በባሕር ጠለል 40 የፈረስ ጉልበት አለው። ጎሐ ጽዮን ላይ አየሩ ስለሚሳሳ ሩብ ያህሉን ታጣለች፤ 30 ገደማ ይቀራታል። ቁልቁለቱን በፍሬን የሚወርድ ሰው ፍሬኑ ግሎ አልይዝ ይለዋል፤ ስለዚህ በሁለተኛ ማርሽ ሞተሩ እንዲይዛት እያደረጉ መውረድ ነው። ከሥር ሲደርሱ ሙቀቱ ቤንዚኑን በቱቦው ውስጥ ያተነዋል፤ ሞተሩ ይንቃል፣ ይጠፋል። መድኃኒቱ እርጥብ ጨርቅ በቤንዚን ፓምፑ ላይ መጣልና በጥላ መጠበቅ ነው። ከሁሉ የሚሻለው ግን ጎህ ሲቀድ ወርዶ ፀሐይ ሳትከር መውጣት ነው። ይህን ምክር ከጋሼ ሰምቼዋለሁ፤ በጎሐ ጽዮን ከጭነት መኪና ሹፌሮችም ሰምቼዋለሁ። የእነርሱ ረዳቶች ዳገት ላይ ታኮ ይዘው ከጎማው ኋላ የሮጡበት ዘመን በማንም መዝገብ አልሰፈረም።

መንገዱም ራሱ የጥገና ታሪክ አለው። ከደብረ ሲና በላይ ያለውን የጣርማ በርን ዋሻ የምናልፈው ጣሊያኖች ባስቆፈሩት መስመር ነው፤ ሥራውን የሠሩት ግን የራሳቸው የቀን ሠራተኞችና ስማቸው ያልተጻፈ ኢትዮጵያውያን ናቸው። ከነጻነት በኋላ እነዚያ መንገዶች ተጎድተው ነበር። በ1943 ዓ.ም. የአውራ ጎዳና ባለሥልጣን ሲቋቋም፣ በዚያው ዓመት ከዓለም ባንክ ለመንገድ ሥራ የተገኘው 5 ሚሊዮን ዶላር ብድር ባንኩ ለአፍሪካ ከሰጣቸው የመጀመሪያ ብድሮች አንዱ ነበር። ዘመናዊነት በአንድ ጊዜ ተገንብቶ የሚያልቅ ሳይሆን በየዓመቱ ከክረምት በኋላ እንደገና የሚሠራ መሆኑን ከዚህ የተሻለ የሚያሳይ ሰነድ አላገኘሁም።

ቅርስ የሚባለው የቱ ነው?

ዓለም አቀፉ የጥንታዊ ተሽከርካሪዎች ፌዴሬሽን፣ በአጭር ስሙ ፊቫ፣ አንድን ተሽከርካሪ ታሪካዊ ለማለት ቢያንስ 30 ዓመት የሞላው፣ ከታሪኩ ጋር በሚስማማ ይዞታ የተጠበቀና ለዕለት ተዕለት መጓጓዣ የማያገለግል እንዲሆን ይጠይቃል። በዚህ መስፈርት የእኔ ቮልስ አታልፍም። በሳምንት አምስት ቀን ሥራ ታመላልሰኛለች፤ ሞተሯ የሌላ መኪና ነው፤ ከወለሏ ላሜራ ከፊሉ መርካቶ የተቀጠቀጠ ነው።

መስፈርቱ ለሀብታም አገር ሰብሳቢ የተበጀ በመሆኑ አልወቅሰውም። ለእኛ ግን አይስማማንም። የብራና መጻሕፍቶቻችንን እናስታውስ። በወንጌሉ ኅዳግ ላይ የተጻፈው የርስት ውል ወንጌሉን አላበላሸውም፤ እንዲያውም ለታሪክ ተመራማሪው ከዋናው ጽሑፍ ያላነሰ ዋጋ ያለው ያ የኅዳግ ጽሑፍ ነው። በቮልሷ ላይ ያለው እያንዳንዱ ብየዳና በቶርኖ የተቀረጸ ቁራጭ እንዲሁ የኅዳግ ጽሑፍ ነው። መኪናዋን ወደ ፋብሪካ መልኳ መልሼ ባድሳት የአገሯን ታሪክ ፍቄ የጀርመኑን ብቻ ማስቀረቴ ነው።

ጊዜው

ይህን ገለጻ ዛሬ ለማቅረብ ያነሣሣኝ የጊዜው ማጠር ነው። በ2012 ዓ.ም. የወጣው የኤክሳይስ ታክስ አዋጅ በአሮጌ መኪኖች ላይ እስከ 500 በመቶ የሚደርስ ታክስ ጣለ። በ2016 ዓ.ም. ደግሞ በነዳጅ የሚሠሩ የግል መኪኖች ወደ አገር እንዳይገቡ መከልከሉን መንግሥት አስታወቀ። በውሳኔው ላይ ልከራከር አልመጣሁም፤ ነዳጅ በውጭ ምንዛሪ ለምትገዛ፣ ኤሌክትሪክ ግን ከወንዞቿ ለምታመነጭ አገር በቂ ምክንያት አለው። እንደ ታሪክ መምህር የምለው አንድ ዘመን እየተዘጋ መሆኑንና በመዘጋት ላይ ያለ ዘመን ምስክሮቹን ይዞ እንደሚሄድ ነው። የጋሼ የመጨረሻ ደቀ መዝሙር ባለፈው ዓመት ሙያውን ትቶ ሄዷል። በጋራዡ ግድግዳ ላይ በእርሳስ የተጻፉት ቁጥሮች፣ የትኛው መኪና መቼ ምን እንደተደረገላት የሚናገሩት፣ ግድግዳው ሲቀባ ይጠፋሉ።

ስለዚህ ለተማሪዎቻችን ሦስት ሥራዎችን አቀርባለሁ። አንደኛ፣ አዛውንት መካኒኮችን፣ ሹፌሮችንና ረዳቶችን በድምፅ መቅረጽ። ሁለተኛ፣ ሊብሬዎችን፣ የጋራዥ ደብተሮችንና የግድግዳ ጽሑፎችን ፎቶ አንሥቶ ማስቀመጥ። ሦስተኛ፣ የጋራዡን ቋንቋ ከነአጠቃቀሙ በመዝገበ ቃላት መልክ መሰብሰብ፤ በዚህ የቋንቋ ትምህርት ክፍል ባልደረቦቻችን እንዲያግዙን እጠይቃለሁ። ለዚህ ትልቅ በጀት አያስፈልግም፤ ትዕግሥትና ቅዳሜ ጠዋት ይበቃል።

ጋሼ ለመናገር ፈቃደኛ መሆናቸውን ነግረውኛል። ከሰዓት በኋላ ዓይናቸው ስለሚደክም በማለዳ እንድንመጣ ብቻ ጠይቀዋል። በመጪው ቅዳሜ አብሮኝ መሄድ የሚፈልግ ተማሪ ከገለጻው በኋላ ስሙን ይስጠኝ።

 አሁን ጥያቄዎቻችሁን እቀበላለሁ።