አስነሺና ተነሺ

«የውሂብ ጎታ አገልጋዩን ራስ-ሰር ጅምር አንቃ።» ይህ ዓረፍተ ነገር ለጀማሪ የኮምፒውተር ባለሙያዎች በአማርኛ ከተዘጋጀ አንድ የሥልጠና ጽሑፍ የተወሰደ ነው። ቃላቱ ሁሉ የአማርኛ መልክ አላቸው፤ ፊደሉም የእኛው ነው። ሆኖም አፉን በአማርኛ የፈታ ሰው ደጋግሞ ቢያነበው እንኳ ምን እንዲያደርግ እንደታዘዘ አይገባውም። የሚነቃው ጎታው ነው? አገልጋዩ ነው? ወይስ «ጅምሩ»? «ጅምር» በእኛ ዘንድ ተጀምሮ ያላለቀ ነገር ነው፤ ጅምር ቤት፣ ጅምር ሥራ እንላለን። ጅምር ይጨረሳል እንጂ አይነቃም።

ሊባል የተፈለገው ነገር ግን ሰርቨር የያዘ ሰው ሁሉ የሚያውቀው ነው። መብራት ሄዶ ሲመጣ ማሽኑ ይነሣል፤ ስርዓተ ክወናውም ይነሣል። ዳታቤዙ፣ ፖስትግሬስም ይሁን ማይኤስኪውኤል፣ አስቀድሞ ካልታዘዘ በቀር ተኝቶ ይቀራል። ማሽኑ በርቷል፣ ኔትወርኩም ይሠራል፤ የካርድ ክፍሉ ወይም የሒሳብ ክፍሉ ፕሮግራም ግን «መገናኘት አልቻልኩም» እያለ ይመልሳል። ፖስትግሬስ ዘወትር በሚያዳምጥበት በ5432 ቁጥር ፖርት ላይ የሚያዳምጥ የለማ። የሚያውቅ ሰው ተጠርቶ በእጁ እስኪያስነሣው ድረስ ሥራ ይቆማል፤ ተሰላፊም ይጉላላል። ይህ እንዳይሆን ዳታቤዙ ማሽኑ በተነሣ ቁጥር እንዲነሣ አስቀድሞ ይታዘዛል። በሊኑክስ ላይ ይህ የአንድ መስመር ትዕዛዝ ነው። መብራት በሚመላለስበት አገር ይህች መስመር የሌሊት ስልክን የምታስቀር ናትና ሰው የሚገባው የአማርኛ ስም ይገባታል።

አሁን እየተስፋፋ ያለው ስም «ራስ-ሰር» ነው። በስልኮቻችን ምናሌዎች፣ በትርጉም መሣሪያዎች፣ በሥልጠና ጽሑፎች ሁሉ ገብቷል። የግሪኩን «አውቶማቶስ» ለመተካት የታሰበ ነው፤ «ራስ» ለ«አውቶ» መቆሙም ያስኬዳል። የሚያስቸግረው «ሰር» ነው። ከ«ሠራ» የወጣ ከሆነ አማርኛ «ሠራ»ን ከስም ጋር የሚያጣምርባቸው የታወቁ መንገዶች አሉት። ሠሪው ሲፈለግ ጫማ ሠሪ፣ ወጥ ሠሪ ይባላል። የነገሩ መገኛ ሲፈለግ ሰው ሠራሽ፣ አገር ሠራሽ ይባላል። በእነዚህ ለተቃኘ ጆሮ «ራስ-ሰር» ቢበዛ የሚሰጠው ትርጉም «ራሱን የሠራ» የሚል ነው። ራሱን የሠራ ዳታቤዝ ደግሞ የለም። በበርክሊ ዩኒቨርሲቲ እ.ኤ.አ. በ1986 ማይክል ስቶንብሬከር የፖስትግሬስን ፕሮጀክት ሲጀምር ሠሪው ሰው ነበር፤ ዛሬም ሠሪዎቹ ሰዎች ናቸው።

ከሰዋስው ስሕተቱ ይልቅ እኔን የሚያሳስበኝ የፍሬ ነገር ስሕተቱ ነው። ማሽን ውስጥ በራሱ የሚነሣ ዳታቤዝ የለም። ሊኑክስ ሲነሣ የስርዓቱ እምብርት ከሁሉ በፊት አንድ ፕሮግራም ያስነሣል፤ የዚያ ፕሮግራም መለያ ቁጥር ምንጊዜም 1 ነው። ሌሎቹን ሁሉ በቀጥታም ሆነ በተዘዋዋሪ የሚያስነሣቸው እሱ ነው። ዱሮ «ኢኒት» ይባል ነበር፤ በፊደልና በቁጥር ስም የተሰለፉ አጫጭር የትዕዛዝ ፋይሎችን በቁጥራቸው ቅደም ተከተል እየጠራ ያስነሣ ነበር። እ.ኤ.አ. በ2010 ሌናርት ፖተሪንግና ኬይ ሲቨርስ «ሲስተምዲ» የተባለውን ይዘው መጡ። ከሊኑክስ ዓይነቶች ፌዶራ በ2011፣ ደቢያንና ኡቡንቱ በ2015 ተቀበሉት፤ ዛሬ በአብዛኞቹ የሊኑክስ ሰርቨሮች ላይ ቁጥር 1 እሱ ነው። እንግዲህ በዚህ ጉዳይ ሁለት ወገኖች አሉ፤ አንዱ ያስነሣል፣ ሌላው ይነሣል። «ራስ-ሰር» ግን አስነሺውን ከዓይን ይሰውራል። ዳታቤዙ ሳይነሣ የቀረበት ተማሪ ችግሩን በዳታቤዙ ውስጥ ሲፈልግ የሚውለው ለዚህ ነው፤ ስሙ «ራሱ ነው የሚሠራው» ብሎ አስተምሮታልና።

አማርኛ እነዚህን ሁለት ወገኖች በአንድ ሥር የሚለይበት ግስ አለው። በግዕዝ «ነሥአ» ያዘ፣ ወሰደ፣ አነሣ ማለት ነው፤ «ተንሥአ» ደግሞ ተነሣ፤ «ትንሣኤ»ም ከዚሁ ነው። አማርኛ ይህን ሥር ተቀብሎ አንሥቶ፣ ተነሥቶ፣ አስነሥቶ፣ አነሣሥቶ ብዙ አረባው። ዲያቆኑ «ተንሥኡ» ሲል ምእመናን ይነሣሉ፤ ጠሪው አንድ ነው፣ ተነሺዎቹ ብዙ ናቸው፣ ጥሪው ካልተሰማ የሚነሣ የለም። ሾፌሩ መኪናውን «አስነሣው» እንጂ «ጀመረው» አይልም። «ጀመረ» ሥራን እንጂ ዕቃን አይገዛምና «መኪናውን ጀመረው» ቢባል የሚሰማው መኪናውን መሥራት ወይም መፈታታት እንደጀመረ ነው። «ሰርቨሩን ጀምር» ያለው ተርጓሚ እዚህ ላይ ነው የሳተው። መካኒኮቻችን ማንም ሳያስተምራቸው ሞተርን በ«አስነሣ» ሲጠሩ ስንት ዘመን ሆኗቸዋል።

ስለዚህ ቁጥር 1 የሆነው ፕሮግራም አስነሺ ነው። ዳታቤዙ ተነሺ ነው። ማሽኑ ራሱ የሚነሣበት ሂደት መነሣት፣ እሱን የሚያደርገው መሣሪያ ማስነሻ ነው፤ የማስነሻ ዲስክ እንደሚባለው ማለት ነው። ባለሙያዎች በንግግር «ቡት አደረገ» ይላሉ፤ አልቃወማቸውም። ቃሉ የመጣው ሰው የጫማውን ማሰሪያ ጎትቶ ራሱን ከመሬት ያነሣል ከሚል የእንግሊዝኛ አባባል ነው፤ ጫማው እኛም «ቦት» ብለን የወሰድነው ነው። የእንግሊዝኛው ምስል ማሰሪያ ነው፤ የእኛ «መነሣት» ማሰሪያም ጫማም ሳይፈልግ ነገሩን ይናገራል።

ከማሽኑ ጋር እንዲነሣ ለታዘዘው ዳታቤዝ የምመርጠው ስም «አብሮ ተነሺ» ነው። አማርኛ ቦዝ አንቀጽን ከባለቤት ስም ጋር አጣምሮ ስም ማውጣት ይወዳል። አብሮ አደግ፣ ወዶ ገብ፣ አርሶ አደር፣ አርብቶ አደር፣ አብሮ ኗሪ የሚሉትን ማንም ሳያብራራለት የሚገባው ሰው «አብሮ ተነሺ»ንም ይገባዋል። ዳታቤዙ አብሮ ተነሺ ነው? አዎ። አብሮ ተነሺ አድርገኸዋል? አላደረግሁትም። ይህ ከአፍ ይወጣል። «ራስ-ሰር ጅምሩ ነቅቷል?» ብሎ ባልደረባውን በቃል የጠየቀ ሰው ግን እስካሁን አልሰማሁም፤ በጽሑፍ እንጂ በአፍ የማይኖር ስም ደግሞ ለሥራ አይሆንም።

ሁለት መቃወሚያዎች ደርሰውኛል፤ ሁለቱም ክብደት አላቸው። አንደኛው «አብሮ» በአንድ ጊዜ የሚል ይመስላል የሚል ነው። ዳታቤዙ በእርግጥ ከማሽኑ ጋር በአንዲት ቅጽበት አይነሣም፤ መረጃው የተቀመጠበት ዲስክ እስኪያያዝ መጠበቅ አለበት፤ ካልጠበቀ ባዶ ማውጫ አግኝቶ ይወድቃል። ይሁን እንጂ አብሮ አደጎችም በአንድ ቀን አልተወለዱም። «አብሮ» በአማርኛ ጉድኝትን እንጂ ደቂቃን አይቆጥርም። ሁለተኛው መቃወሚያ ከአዲስ አበባ ኑሮ የመጣ ነው። «ተነሺ» ዛሬ ሲባል ብዙ ሰው የሚያስበው የልማት ተነሺን፣ ከሰፈሩ የሚነሣውን ሰው ነው። ይህ ቀላል ነገር አይደለም፤ ቃሉ ለብዙ ቤተሰብ ሐዘን አለበት። «ተነሺ» ብቻውን ቢሆን ኖሮ እኔም እተወው ነበር። «አብሮ» ከፊቱ ሲገባ ግን የሚነሣው ከቦታው የሚለቅ ሳይሆን ከሌላው ጋር የሚቆም ይሆናል፤ ተናጋሪም ሁለቱን አያምታታም።

የዚህ ስም ዋና ብርታቱ ዘር ማፍራቱ ነው። ዊንዶውስ አገልግሎቶቹን ሲዘረዝር ከማሽኑ ጋር የሚነሡትን፣ ቆየት ብለው የሚነሡትንና ካልተቀሰቀሱ የማይነሡትን ይለያል፤ አብሮ ተነሺ፣ ዘግይቶ ተነሺ፣ ሲቀሰቅሱት ተነሺ። ሲስተምዲ ደግሞ አንድ አገልግሎት በስሕተት ሲወድቅ መልሶ እንዲያስነሣው ሊታዘዝ ይችላል፤ ያ ወድቆ ተነሺ ነው። ፖስትግሬስ በዚህ የታወቀ ነው። መብራት በድንገት ቢቋረጥበት ሲነሣ መጀመሪያ የሚያደርገው ለውጦቹን አስቀድሞ የጻፈበትን መዝገብ ከመጨረሻው መቆሚያ ጀምሮ ማንበብና የጎደለውን መሙላት ነው፤ ከዚያ በኋላ ነው በሩን የሚከፍተው። «ወድቆ ተነሺ» ይህን ባሕርይ ምንም ሳይጨመርበት ይሸከማል። ከ«ራስ-ሰር» እንዲህ ያለ ቤተሰብ አይወለድም።

ወደ «አንቃ» እንመለስ፤ ከሁሉ ይልቅ ሰው የሚያሳስተው እሱ ነውና። በሲስተምዲ ሁለት የተለያዩ ትዕዛዞች አሉ። «ስታርት» ዳታቤዙን አሁን ያስነሣዋል፤ ማሽኑ ጠፍቶ ሲበራ ግን የሚያስታውሰው የለም። «ኢኔብል» በበኩሉ አሁን ምንም አያስነሣም። የሚያደርገው ማሽኑ ሲነሣ ተፈላጊ የሆኑት በሚዘረዘሩበት ማውጫ ውስጥ ለዳታቤዙ አንዲት ማያያዣ ማኖር ብቻ ነው። ሁለቱን በአንድ ጊዜ ለማድረግ «ናው» የሚል ማከያ አለ። «ኢኔብል»ን «አንቃ» ስንለው ተማሪው የተኛ ይቀሰቀሳል ብሎ ይጠብቃል፤ ትዕዛዙን ይሰጣል፣ ዳታቤዙ ግን ዝም ይላል። «ስታርት»ን ብቻ ያወቀው ደግሞ ዛሬ ሁሉ ነገር ሠርቶለት ይሄዳል፤ የሚጠራው መብራት የሄደ ዕለት ነው። ደቢያንና ኡቡንቱ ላይ ፖስትግሬስ ሲጫን ሁለቱም አብረው ስለሚፈጸሙለት ልዩነቱን ሳያየው ይቆያል፤ በሬድ ሃት ወገን የሊኑክስ ዓይነቶች ግን ሁለቱንም ራሱ ማዘዝ አለበት።

ለ«ኢኔብል» የማቀርበው «ተራ አስይዝ» የሚለውን ነው። ተራ የያዘ ገና አልተነሣም፤ ጊዜው ሲደርስ ግን አይዘለልም። ማን ከማን በኋላ እንደሚነሣ የሚወስነውን መስመርም በዚሁ ቃል መግለጽ ይቻላል፤ የዳታቤዙ ተራ ከዲስኩ በኋላ ነው እንላለን። ተራ የሚለውን ቃል ታክሲ የጠበቀ፣ ቀበሌ የተሰለፈ ሁሉ ያውቀዋል።

በቴክኒክ ቃላት ሁሉ ላይ አማርኛ ይጫን የምል አይደለሁም። ሰርቨርን ሰርቨር፣ ዳታቤዝን ዳታቤዝ ማለት ይበቃኛል። «የውሂብ ጎታ» የደከሙበት ቃል መሆኑን አከብራለሁ፤ «ውሂብ» ከግዕዙ «ወሀበ»፣ ሰጠ ከሚለው መውጣቱ፣ ከላቲኑ «የተሰጠ» ከሚለው ቃል ጋር መገጣጠሙና ከ«ሀብት» ጋር የአንድ ሥር ልጅ መሆኑ ደስ ይለኛል። ሕዝቡ ግን «ዳታ» ብሎ ለምዷል፤ የለመደውን መቀማት አያስፈልግም። «ዴሞን»ን «ጋኔን» ብሎ መመለስ ደግሞ ከቶ አይገባም። ያ ስም ለጀርባ አገልግሎቶች በኤምአይቲ እ.ኤ.አ. በ1963 ገደማ ሲወጣ የታሰበው የፊዚክስ ሊቁ ማክስዌል በምናብ የፈጠረው፣ ሳያርፍ ሞለኪውሎችን የሚለይ ፍጡር ነበር፤ በእኛ ቋንቋ ግን ጋኔን የሚወጣ እንጂ የሚያገለግል አይደለም።

ትግሌ ተግባርን ለሚናገሩት ግሶች ነው። ስም ከውጭ ቢገባ ቋንቋ አይጎዳም፤ ግሱ ሲበላሽ ግን ሰው በገዛ ቋንቋው መታዘዝና ማዘዝ ያቅተዋል። የአይስላንድ ሕዝብ ግማሽ ሚሊዮን እንኳ አይሞላም፤ ለኮምፒውተር «ቁጥር» እና «ነቢይት» ከሚሉ ሁለት የራሱ ቃላት «ቶልቫ»ን አውጥቶ ዛሬም ይናገርበታል። አማርኛ በአስር ሚሊዮኖች የሚቆጠር ተናጋሪ አለው፤ «ርዕዮተ ዓለም»ን፣ «ምጣኔ ሀብት»ን፣ «ወዛደር»ን አውጥቶ አላመዷል። «ተነሣ»ን ለማሽን ማዋል ከዚያ አይከብድም።

አንድ የቀረ ነገር አለ። የ«ኢኔብል» ተቃራኒ የሆነውን «ዲሴብል» ምናሌዎቻችን «አሰናክል» ይሉታል፤ ማሰናከል የሚሄድን ሰው እግሩን ጠልፎ መጣል ነው። ከዚህ የሚብሰው ግን እንግሊዝኛው ራሱ በአንድ ቃል ሁለት ነገር ማለቱ ነው። በሲስተምዲ «ዲሴብልድ» የሆነ ዳታቤዝ ከማሽኑ ጋር አይነሣም እንጂ በእጅ ይነሣል። በዊንዶውስ «ዲሴብልድ» የሆነው በእጅም አይነሣም፤ በሲስተምዲ ይህን የሚያህለው «ማስክድ» የሚባለው ነው። የእንግሊዝኛውን ፊደል የሚከተል ተርጓሚ ሁለቱን «ዲሴብልድ» አንድ አድርጎ፣ «ማስክድ»ን «የተሸፈነ» ብሎ ያልፋል። ሥራውን የሚከተል ግን የሊኑክሱን «ዲሴብልድ» «ከተራ ወጥቷል»፣ የዊንዶውሱን «ዲሴብልድ» እና የሊኑክሱን «ማስክድ» ሁለቱንም «ታግዷል» ይላቸዋል። ከተራ የወጣውን አስነሣ ቢሉት ይነሣል፤ የታገደው እግዱ ካልተነሣለት አይነሣም።