ሾጉኑ የጠየቀው፣ ስልኩ የሚጠይቀው

ከፍራንክፈርት ወይም ከፓሪስ ወደ ቶኪዮ የሚበር ሰው ዛሬ ጉዞው ሳይጀመር ስልኩን አውጥቶ «ቪዚት ጃፓን ዌብ» የተባለውን ገጽ ይሞላል። ስም፣ የፓስፖርት ቁጥር፣ የበረራ ቁጥር፣ የሚያርፍበት ሆቴል፣ የሚሄድበት ምክንያት፣ የያዘው ዕቃ። ሲጨርስ ኪውአር ኮድ ይሰጠዋል። ኢሚግሬሽንና ጉምሩክ ላይ ያንን አሳይቶ ያልፋል። አሠራሩ የተጀመረው በ2021 መጨረሻ ነው (ዓመተ ምሕረቶቹ በሙሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው)። ብዙዎች ይህን የኮምፒውተር ዘመን ያመጣው ጣጣ አድርገው ያዩታል። ጥያቄዎቹ ግን 400 ዓመት ሊሞላቸው ትንሽ ነው የቀራቸው።

ታሪኩ የሚጀምረው ናጋሳኪ ወደብ ላይ ነው። የካቶሊክ ሚሲዮናውያን ሕዝቡን ያስከዱብኛል ብሎ የሰጋው የሾጉኑ መንግሥት በ1639 ፖርቱጋሎችን ከአገር አባረረ። በዓመቱ ከማካዎ ሽማግሌዎች ተልከው «ንግዱ እንኳ ይቀጥል» ሲሉ ለመኑ። መልሱ ሰይፍ ሆነ። 61 ሰዎች አንገታቸው ተቀላ፣ መርከባቸው ተቃጠለ፣ 13ቱ ብቻ ወሬውን ይዘው እንዲመለሱ ተለቀቁ። ቪዛ መከልከል ማለት ያኔ ይህ ነበር።

እንዲገቡ የተፈቀደላቸው አውሮፓውያን ሆላንዶች ብቻ ሆኑ፤ የመጡት ለመሸጥ እንጂ ለመስበክ አልነበረምና። እነሱም ቢሆኑ በ1641 ደጂማ በምትባል፣ በሰው እጅ በተሠራች ትንሽ ደሴት ላይ ተወሰኑ። ደሴቷን ከከተማው የሚያገናኛት አንድ ድልድይ ነው፤ ድልድዩ ላይ ደግሞ ጠባቂ አለ።

መርከብ ሲመጣ የነበረው ሥርዓት ከዛሬው ፎርም ጋር ጎን ለጎን ቢቀመጥ ያስገርማል። ባለሥልጣናትና አስተርጓሚዎች ወደ መርከቡ ይወጣሉ። የሠራተኞቹን ስም ዝርዝር ይቀበላሉ፣ ሰዎቹንም እየቆጠሩ ከዝርዝሩ ጋር ያመሳክራሉ። መሣሪያና ባሩድ ይወሰዳል። መጽሐፍ ቅዱስና ሌሎች የክርስትና መጻሕፍት ተጠቅልለው ይታሸጋሉ፤ የሚመለሱት መርከቡ ሲሄድ ነው። ከዚያ ዛሬ የትኛውም ፎርም ላይ የሌለ ጥያቄ ይከተላል፦ በዓለም ላይ ምን አዲስ ነገር አለ?

ሆላንዶቹ በየዓመቱ ይህን የመመለስ ግዴታ ነበረባቸው። ማን ነገሠ፣ ማን ከማን ተዋጋ፣ የማን መርከብ ወዴት ሄደ፤ አስተርጓሚዎቹ ጽፈው ወደ ኤዶ፣ ወደ ሾጉኑ ይልኩታል። በሩን ዘግቶ የተቀመጠው መንግሥት ዓለምን የሚያየው በዚህ ቀዳዳ ነበር። በ1852 የደረሰው ዘገባ አሜሪካ የጦር መርከቦች ልትልክ እንደሆነ አስጠንቅቆ ነበር። በዓመቱ ኮሞዶር ፔሪ ከነመርከቦቹ መጣ። መንግሥቱ መረጃው ነበረው፤ የጎደለው አቅም ነው።

ኬላ ባለበት ሁሉ ኬላውን የሚያታልል አይጠፋም። በ1808 ፌቶን የተባለ የእንግሊዝ የጦር መርከብ የሆላንድን ባንዲራ ሰቅሎ ናጋሳኪ ገባ፤ ሊቀበሉት የወጡትን ሁለት ሆላንዶችም ያዘ። ምግብና ውሃ ተሰጥቶት ሄደ። የናጋሳኪው ገዢ ማትሱዳይራ ያሱሂዴ ግን ኃላፊነቱን ወስዶ ራሱን ገደለ። ሐሰተኛ ሰነድ ያሳለፈ የዛሬ ሠራተኛ ከሥራ ቢባረር ነው።

ጀርመናዊው ሐኪም ሲቦልት በ1823 ሲመጣ ደግሞ አስተርጓሚዎቹ ሆላንድኛው ጆሯቸውን ቆረቆራቸው። «የተራራው ሆላንዳዊ ነው» ተብሎ አለፈ። ኔዘርላንድስ ተራራ የሌላት አገር መሆኗን አላወቁም፤ ወይም ማወቅ አልፈለጉም። በኋላ የተከለከለ የጃፓን ካርታ ይዞ ተገኘና በ1829 ተባረረ። ካርታውን የሰጠው የሾጉኑ የሥነ ፈለክ ሊቅ ታካሃሺ ካገያሱ ግን እስር ቤት ውስጥ ሞተ።

ከፔሪ በኋላ ነገሩ ተገለበጠ። በ1858 በተፈረሙት ውሎች መሠረት ጃፓን ውስጥ ወንጀል የሠራ አውሮፓዊ የሚዳኘው በአገሩ ቆንስል ፊት ሆነ። የክሎቡኮቭስኪን የ1908 ውል የሚያስታውስ ኢትዮጵያዊ አንባቢ ይህን ዓይነቱን የዳኝነት ልዩ መብት ያውቀዋል። ጃፓን በእጇ የቀረላት አንድ ነገር ቢኖር የይለፍ ወረቀት ነበር። የውጭ ሰው ከተፈቀዱት ወደቦች ከተወሰነ ርቀት አልፎ ወደ መሃል አገር ለመግባት ወረቀት ማውጣት ነበረበት። በ1878 ሰሜን ጃፓንን የዞረችው እንግሊዛዊት ኢዛቤላ በርድ እንደጻፈችው፣ ወረቀቱ የሚጠየቀው ለጤና፣ ለዕፅዋት ጥናት ወይም ለሳይንስ ምርምር ተብሎ ነው። ሽፋኑ ላይ ክልከላዎች ነበሩበት፦ ጫካ ውስጥ እሳት አታንድድ፣ በፈረስ ሆነህ የቤት ቃጠሎ ለማየት አትሂድ፣ ቤተ መቅደስ ላይ አትጻፍ፣ በጠባብ መንገድ ላይ አትጋልብ። እያንዳንዱ ክልከላ ከመጻፉ በፊት ያንን ያደረገ አንድ ፈረንጅ ሳይኖር አይቀርም።

ወደ መሃል አገር መግቢያው ጃፓን የቆንስሉን ፍርድ ቤት ለማስነሳት የምትደራደርበት ካርድ ሆነ። ዳኝነቱን ልቀቁና አገሩ በሙሉ ይከፈትላችኋል ነው ነገሩ። በ1899 ሁለቱም ሆነ፤ የቆንስሉ ፍርድ ቤት ተዘጋ፣ የውስጥ ይለፍ ወረቀቱም ቀረ።

የዛሬው ፎርም የዚያ ሥልጣን ወራሽ ነው። የአብዛኛው አውሮፓ ዜጋ ለጉብኝት 90 ቀን ያለ ቪዛ ይቆያል። የኢትዮጵያ ፓስፖርት የያዘ ሰው ግን ፎርሙ ጋ የሚደርሰው ኤምባሲ ሄዶ ቪዛ ካገኘ በኋላ ነው። ከ2007 ጀምሮ ደግሞ 16 ዓመት የሞላው የውጭ ጎብኚ ሲገባ አሻራውንና ፎቶውን ይሰጣል። ጃፓን እስካሁን ስልክ ለማይሆንለት ወረቀቱን አላስቀረችም። ታይላንድ ግን ከግንቦት 1 ቀን 2025 ጀምሮ የውጭ ዜጋ ሁሉ ከመድረሱ በፊት ባሉት ሦስት ቀናት ውስጥ በኢንተርኔት እንዲሞላ አስገድዳለች። ፎርሙ ነፃ ነው። ክፍያ የሚጠይቅ ገጽ ካለ የመንግሥት አይደለም።

ጃፓን አሁን ያለ ቪዛ የሚገቡትን ጭምር ከመሳፈራቸው በፊት የምታጣራበትን ጄስታ የተባለ ፈቃድ እያዘጋጀች ነው። አውሮፓም በበኩሏ ኤቲያስ በተባለው ሥርዓቷ ያለ ቪዛ የሚገቡ እንግዶቿን፣ ጃፓናውያንንም ጨምሮ፣ ፎርም አስሞልታ 20 ዩሮ ልታስከፍል ተዘጋጅታለች።