ኤክሴል የቆጠራት፣ ፈረንጆቹ የዘለሏት ቀን

ኤክሴል ክፈቱና አንድ ሴል ውስጥ 60 ብላችሁ ጻፉ። ከዚያ የሴሉን ፎርማት ከቁጥር ወደ ቀን ቀይሩት። የሚመጣላችሁ ፌብሩዋሪ 29 ቀን 1900 እ.ኤ.አ. ነው። ችግሩ እንዲህ የሚባል ቀን ኖሮ አያውቅም። በፈረንጆቹ አቆጣጠር የ1900 ፌብሩዋሪ ያለቀው በ28 ነው።

ነገሩን ለመረዳት ኤክሴል ቀንን እንዴት እንደሚያይ ማወቅ አለብን። ለእኛ ሴፕቴምበር 12 ቀን 2007 ሆኖ የሚታየን ለኤክሴል 39,337 የሚባል ቁጥር ነው። ጃንዋሪ 1 ቀን 1900ን 1 ብሎ ይጀምርና ቀን በቀን እየጨመረ ይሄዳል። ሰዓት የቀን ክፍልፋይ ነው፤ እኩለ ቀን 0.5 ይሆናል። ሁለት ቀኖችን ስንቀናንስ በመካከላቸው ያለው የቀን ብዛት የሚወጣው ለዚህ ነው። ዕድሜ በሉት፣ የብድር ወለድ በሉት፣ የአገልግሎት ዘመን፣ ሁሉም የሚሰላው በዚህ ቅነሳ ነው።

ታዲያ የሌለችው ቀን ከየት መጣች? በ1582 የወጣው የጎርጎርዮስ አቆጣጠር ለ4 የሚካፈል ዓመት 366 ቀን እንዲኖረው ያዛል። ግን ለ100 የሚካፈል ዓመት ለ400 ካልተካፈለ ተጨማሪዋን ቀን ያጣል። ስለዚህ 2000 ነበራት፣ 1900 አልነበራትም። በ1983 ለአይቢኤም ፒሲ የወጣው ሎተስ 1-2-3 ግን 1900ንም 366 ቀን እንዳለው አድርጎ ቆጠረ። “ለ4 ከተካፈለ በቃ” የሚለው አቋራጭ ከ1901 እስከ 2099 አንድም ጊዜ አይስትም፤ የሚስተው 1900 ላይ ነው።

ከዚያ ማይክሮሶፍት መጣ። ገበያው በሎተስ እጅ ስለነበር የሎተስ ፋይሎች ኤክሴል ላይ ያለ ችግር መከፈት ነበረባቸው። ስለዚህ ስህተቱን እያወቀ ወረሰው። ዛሬ ይስተካከል ቢባል በዓለም ላይ ባሉ ፋይሎች ውስጥ የተቀመጡ ቀኖች ከሞላ ጎደል ሁሉም በአንድ ቀን ይንሸራተታሉ። የማኪንቶሹ ኤክሴል በበኩሉ ቆጠራውን ከ1904 በመጀመር ከችግሩ ሸሸ፤ ግን ሌላ ችግር ወለደ። በሁለቱ አቆጣጠሮች መካከል የ1,462 ቀን ልዩነት አለ። ከአንዱ ፋይል ወደ ሌላው ቀን ስትገለብጡ ድንገት አራት ዓመት ከአንድ ቀን ከተዛባባችሁ ምክንያቱ ይኸው ነው።

አሁን ወደ እኛ እንምጣ። የዓድዋ ድል የካቲት 23 ቀን 1888 ዓ.ም. ነው፤ በፈረንጆቹ ማርች 1 ቀን 1896። ዛሬ ግን የካቲት 23 የሚውለው ማርች 2 ነው። ማን ተሳሳተ? ማንም አልተሳሳተም። በመካከል 1900 አለፈ። ፈረንጆቹ አንድ ቀን ዘለሉ፤ እኛ ጳጉሜን በየአራት ዓመቱ ያለ ምንም ልዩነት 6 እያደረግን ቀጠልን። የሁለቱ አቆጣጠር ርቀት በአንድ ቀን ሰፋ ማለት ነው። ሎተስ የቆጠራት ቀንም ይህችው ፈረንጆቹ የዘለሏት ቀን ናት።

የኢትዮጵያን ቀን ወደ ኤክሴል ቁጥር መቀየር የምትፈልጉ ከሆነ መንገዱ ቀላል ነው። ዓመቱን በ365 አባዙ። ዓመቱን ለ4 አካፍላችሁ ሙሉ ቁጥሩን ብቻ ጨምሩበት። ወሩን በ30 አባዝታችሁ ደምሩ፤ ቀኑንም ደምሩ። በመጨረሻ 691,194 ቀንሱ። እስቲ በሚሊኒየሙ እንሞክረው፤ መስከረም 1 ቀን 2000 ዓ.ም.፦ 730,000 ሲደመር 500፣ ሲደመር 30፣ ሲደመር 1፣ ሲቀነስ 691,194። መልሱ 39,337፤ ሴፕቴምበር 12 ቀን 2007።

ዓድዋን ስታስገቡ ግን -1,399 ይወጣል። ኤክሴል ከዜሮ በታች ያለን ቁጥር እንደ ቀን ማሳየት ስለማይችል ሴሉን በ# ምልክት ይሞላዋል። ጉግል ሺትስ ላይ ያው -1,399 በትክክል ማርች 1 ቀን 1896ን ይሰጣል። እሱ ዜሮን ያስቀመጠው ዲሴምበር 30 ቀን 1899 ላይ ነው፤ ከማርች 1900 ወዲህ ከኤክሴል ጋር ይስማማል፣ ያልነበረችዋን ቀን ግን አይቆጥርም።

ስለዚህ የድሮ መዝገብ፣ የቤተ ክርስቲያን ሰነድ ወይም የአያቶቻችሁን የልደት ቀን ወደ ኮምፒውተር የምታስገቡ ሁሉ፣ ከየካቲት 22 ቀን 1892 ዓ.ም. በፊት ላለ ቀን ኤክሴልን አትመኑ። መጀመሪያ የተጻፈውንም የኢትዮጵያ ቀን በጽሑፍ መልክ ከጎኑ ባለ ዓምድ አስቀምጡት። “መስከረም 1 ማለት ሴፕቴምበር 11 ነው” የሚል ቋሚ ሕግ ፎርሙላችሁ ውስጥ አትክተቱ፤ አሁንም ቢሆን በየአራት ዓመቱ 12 ይሆናል። በ2100 ደግሞ ፈረንጆቹ እንደገና አንድ ቀን ይዘላሉ፤ ከዚያ በኋላ እንቁጣጣሽ 12 ወይም 13 ላይ ይውላል። ቀኖችን አንድ በአንድ የሚቆጥረው ስሌት ግን ያኔም ይሠራል።