ሊያልቅ የተሠራ ብረት

የዛሬዋ የእስራኤል ከተማ ናታንያ እ.ኤ.አ. በ1929 ስትቆረቆር በሜዲትራኒያን ዳር ብርቱካን የሚለማባት ትንሽ ሰፈር ነበረች። በ1930ዎቹ መጨረሻና በሁለተኛው የዓለም ጦርነት ዓመታት ግን ከቤልጂየም የሸሹ የአልማዝ ሠራተኞች ገቡባት። ከመሥራቾቿ አንዱ የነበረው ኦቬድ ቤን አሚ የስደተኞቹን የእጅ ሙያ እንደ ሀብት ቆጥሮ በከተማዋ ሥር እንዲሰድ ደከመ፤ አልማዝ መቁረጥና ማለስለስም የናታንያ መታወቂያ ሆነ። ከአርባና ከሃምሳ ዓመታት በኋላ፣ በ1984 እና በ1985 በሙሴ ዘመቻ፣ በ1991 ደግሞ በሰሎሞን ዘመቻ በተባሉት የማጓጓዣ ዘመቻዎች፣ ሌላ ባለሙያ ሕዝብ፣ ቤተ እስራኤል የሚባሉት ኢትዮጵያውያን አይሁድ፣ ከሰሜን ኢትዮጵያ ደረሰ። ናታንያ ዛሬ በእስራኤል ብዙ ኢትዮጵያውያን ከሚኖሩባቸው ከተሞች አንዷ ናት። ነገር ግን የጎንደር ብረት ቀጥቃጭ ሙያ የተመራው እንደ ከተማዋ የሳፒር ኢንዱስትሪ ቀጠና ወዳለ የሥራ ቦታ ሳይሆን ከሸክላውና ከጥልፉ ጋር ወደ ባህል ማሳያ ነው። ይህ የሆነው ሙያው ለዘመናዊ ኢንዱስትሪ የሚሰጠው ስለሌለ ነው የሚል አስተያየት አለ። የሚሰጠው እንደነበረ ግን እጅግ ከረቀቁት ዘመናዊ ማሽኖች ከአንዱ፣ ከጋዝ ተርባይን፣ አንዲት ትንሽ ክፍል ወስዶ ማሳየት ይቻላል።

በመጀመሪያ ሙያው ከየት እንደመጣ እንመልከት። ዐፄ ይስሐቅ በ15ኛው መቶ ዘመን መጀመሪያ ቤተ እስራኤልን ድል ካደረጉ በኋላ ክርስትናን ያልተቀበለ ርስት አይወርስም መባሉ በትውፊትም በታሪክ ጸሐፊዎችም ዘንድ የታወቀ ነው። የታሪክ ተመራማሪው ጄምስ ኩሪን እንዳሳየው መሬት ያጣው ሕዝብ ኑሮውን ቀስ በቀስ በእጅ ሥራ ላይ መሠረተ፤ ወንዱ ብረት ቀጠቀጠ፣ ሴቷ ሸክላ ሠራች። በጎንደር ዘመን ደግሞ፣ ከዐፄ ፋሲል ጀምሮ፣ በግንበኝነትና በአናጢነት ለቤተ መንግሥት ሥራ ተፈለጉ። ሁሉም ብረት ቀጥቃጭ ነበሩ ማለት አይደለም፤ ብዙዎቹ በሰው መሬት ላይ የሚያርሱ ጢሰኞች ነበሩ። ቢሆንም የክርስቲያን ገበሬ ጎረቤታቸው ማረሻው ሲዶለድም የሚሄደው ወደ እነሱ ወናፍ ነበር። ማረሻውን አስልቶለት፣ ማጭዱን አበጅቶለት፣ ማታ ላይ ቡዳ ብሎ ይሸሻቸዋል። ዳግማዊ ምኒልክ በ1900 ዓ.ም. ባለእጅን በሥራው መስደብን በአዋጅ እስከ መከልከል የደረሱት ንቀቱ ምን ያህል ሥር የሰደደ ቢሆን ነው።

ከዚህ ታሪክ ለክርክሬ የሚያስፈልገኝ ማረሻው ነው። የሞፈርና የቀንበሩ እንጨት ዓመታት ይቆያል፤ ድንጋዩንና አፈሩን የሚጋፈጠው፣ ለመበላት የተመደበው የጫፉ ብረት ነው። የብረት ቀጥቃጩ ችሎታም የማያልቅ ማረሻ መሥራት አልነበረም። ምን ያህል እንደተበላ፣ አሁንም እሳት ይችል ወይም አይችል እንደሆነ፣ ከየት ጀምሮ ቢመታ ሳይሰነጠቅ እንደሚሳል በዓይንና በእጅ የማወቅ ችሎታ ነው። ብረቱን ከከሰል ውስጥ በጉጠት ሲያወጣ ሙቀቱን የሚለካው በቀለሙ ነበር።

አሁን ወደ ተርባይኑ እንለፍ። በጋዝ ተርባይን ውስጥ የሚሽከረከረው አካል ከማይሽከረከረው ዙሪያው ጋር መነካካት የለበትም፤ በመካከላቸው ያለው ክፍተት ሲሰፋ ደግሞ ጉልበት መስጠት የነበረበት ትኩስ ጋዝ ሥራ ሳይሠራ ሾልኮ ያልፋል። ቻርልስ ፓርሰንስ እ.ኤ.አ. በ1884 የእንፋሎት ተርባይኑን ከሠራበት ጊዜ አንሥቶ መሐንዲሶችን ያስጨነቀ ጉዳይ ይህ ነው። የመጀመሪያው መላ ጋዙ እየተጠማዘዘና ግፊቱ እየወደቀ እንዲሄድ ተከታታይ ስል ጥርሶች በዘንጉ ዙሪያ ማቆም ነበር። ግን ሞተሩ ሲነሣና ሲቆም ብረቱ እኩል አይሰፋም፣ አይኮማተርም፤ የአውሮፕላን ሞተር ሲሆንም አውሮፕላኑ ሲያርፍ በሚደርሰው ምት ዙሪያው ይጎብጣል፤ ዘንጉም ይንቀጠቀጣል። ስለዚህ ጥርሱ አንድ ቀን ከግድግዳው ጋር መነካካቱ አይቀርም። ግድግዳው ድፍን ብረት ከሆነ ጥርሱ ይግላል፣ ይሰነጠቃል፤ ጉዳቱም ወደ ውዱ የሚሽከረከር ዲስክ ሊዘልቅ ይችላል። መነካካትን የሚፈራ ሰው ደግሞ ክፍተቱን አስፍቶ ይሠራና ነዳጅ ያባክናል።

ቴክኒሻኖች ሃኒኮምብ የሚሉት ማሸጊያ መልስ የሰጠው ለዚህ ነው። ከኒኬል ቅይጥ የተሠራ፣ ከሚሊሜትር አንድ አሥረኛ በታች ሊሆን የሚችል ስስ ቆርቆሮ እንደ ማር ሰፈፍ ባለ ስድስት ማዕዘን ዓይኖች ተደርጎ ይታጠፍና በግድግዳው ላይ ይጣበቃል። ገጹ አብዛኛው ባዶ ስለሆነ ጥርሱ ሲነካው የሚቆረጠው፣ እንደ ማረሻው ጫፍ ለመበላት የተመደበው ሰፈፉ ነው፤ ጥርሱ የራሱን መንገድ ፈልፍሎ ይቀጥላል። በዚህ ምክንያት ክፍተቱን ከመጀመሪያው ማጥበብ ይቻላል። ዓይኖቹም በውስጣቸው የሚሽከረከረውን ጋዝ እያወኩ ፍሰቱን ያዘገዩታል። ይህ ባሕርይ ንዝረትን እንደሚያረግብ ስለታወቀ የአሜሪካ የጠፈር መንኮራኩር ሞተር ፓምፖች ላይ በዚሁ ጥቅሙ ተፈልጓል። ሰፈፉ ሁልጊዜ ከልሙጥ ግድግዳ ይበልጣል ማለት ግን ስህተት ነው። ክፍተቱ በጣም ጠባብ፣ ዓይኖቹም ትልልቅ ሲሆኑ ጋዙ ከጥርሱ በታች በዓይኖቹ በኩል ሊያልፍ ይችላል፤ የዓይኑ ስፋት ከጥርሱ ውፍረት ጋር መመጣጠን አለበት።

የሰፈፉ እርጅና መልኩ ብዙ ነው። ጥርሱ የቆፈረው ቦይ ይሰፋል፤ ስሱ ቆርቆሮ በሙቀትና በኦክስጅን እየተበላ ይሰባበራል፤ አሸዋና አቧራ ይሸረሽረዋል። ይህ ሁሉ ሲደማመር ሞተሩ ያንኑ ጉልበት ለመስጠት የበለጠ ነዳጅ ያቃጥላል፣ የጭስ ማውጫው ሙቀት ይጨምራል፣ ከተፈቀደው ጣሪያ ሲደርስም ሞተሩ ከክንፍ ይወርዳል። ጥገናው እንዲህ ነው፦ አሮጌው ሰፈፍ በቶርኖ ወይም በግራይንደር ይላጣል፣ የቆየው ዝገት ይጸዳል፣ ከሥሩ ያለው ቀለበት ስንጥቅ እንዳለው በፍሎረሰንት ፈሳሽ ይመረመራል። አዲሱ ሰፈፍ በነጥብ ብየዳ ይያዝና ከኒኬል በተሠራ የማጣበቂያ ዱቄት አየር በወጣለት ምድጃ ከ1,000 ዲግሪ ሴንቲግሬድ በላይ ይጋገራል፤ በመጨረሻም እስከሚፈለገው ልክ ይሞረዳል። ከሥራው ሁሉ ረቂቁ የዱቄቱ መጠን ነው። ሲያንስ ሰፈፉ ከቀለበቱ ይላቀቃል። ሲበዛ ቀልጦ በዓይኖቹ ግድግዳ ሽቅብ ይወጣና ይጠነክራል፤ ያኔ ሊቆረጥ የተሠራው ሰፈፍ ጥርሱን የሚቆርጥ ይሆናል። ቀለበቱም በየጥገናው ትንሽ እየሳሳ ስለሚሄድ ስንት ጊዜ እንደሚታደስ ገደብ አለው።

ይህ ሁሉ በመመሪያ መጽሐፍ የተጻፈ ነው፣ በእጅ ልምድ የሚሠራ አይደለም የሚል ተቃውሞ ይነሣል፤ ግማሹ እውነት ነው። ማንም ብረት ቀጥቃጭ ከጎንደር ወገራ መጥቶ በማግስቱ የተርባይን ቀለበት አይጠግንም። መለኪያ ማንበብ፣ ሰነድ መሙላት፣ ፈቃድ ማግኘት ያስፈልጋል፤ ሃምሳ ዓመት ለሞላው አባትም ይህ ቀላል አልነበረም። ግን መመሪያው ገደቡን ይነግራል እንጂ ፊት ለፊት ያለው ቀለበት ከገደቡ ወዲህ ይሁን ወዲያ አይቶ የሚፈርድ ሰው አሁንም ይፈለጋል፤ ያ ፍርድ ደግሞ ብረት ሲያልቅ አይቶ ከሚያውቅ ዓይን የሚጀምር ነው። የጎደለው የወረቀቱ እውቀት በትምህርት የሚሟላ መሆኑን አዲስ አበባ አሳይታለች። የኢትዮጵያ አየር መንገድ እ.ኤ.አ. በ1946 በረራ ሲጀምር በአሜሪካው አየር መንገድ በቲ ደብሊው ኤ ባለሙያዎች እጅ ነበር። በ1962 የመጀመሪያዎቹን ቦይንግ 720ቢ ጄቶች ተረከበ፤ ኢትዮጵያውያን መካኒኮችም በሥልጠና ላይ ሥልጠና እየጨመሩ ዛሬ ቦሌ ላይ የጄት ሞተር ፈትተው የሚያድሱ ሆኑ። የሚገርመው፣ ብረት ቀጥቃጩን ያራቀው ማኅበረሰብ ለቦሌው መካኒክ ልጁን በደስታ ይድራል። ሁለቱም የሚኖሩት የተበላን ብረት ወደ ልኩ በመመለስ ነው፤ ልዩነቱን የፈጠሩት የምስክር ወረቀቱና ደመወዙ ናቸው።

ሌላው ተቃውሞ የአልማዙ ምሳሌ አይገጥምም የሚለው ነው። አልማዝ የዓለም ገበያ ነበረው፣ በመዶሻ የተሠራ ማረሻ ግን በእስራኤል ትራክተር ፊት ዋጋ የለውም። ስለ ዕቃው ትክክል ነው፤ ስለ ሙያው ግን አይደለም። ከቤልጂየም የመጡትም ይዘው የመጡት የአልማዝ ማዕድን አልነበረም፤ የእጅ እውቀት ነበር፣ ናታንያም ለእውቀቱ ዕቃና ገበያ ፈለገችለት። እስራኤል አየር ኃይልና የአየር ኢንዱስትሪ ያላት፣ ኤሌክትሪኳንም በአብዛኛው ከተፈጥሮ ጋዝ የምታመነጭ አገር ናት፤ የተርባይን ጥገና የጎደለባት አይደለችም። የጎደለው ከጎንደር የመጣውን ሰው ምን ትሠራ ነበር ብሎ የሚጠይቅ፣ መልሱንም ለልጁ የሥልጠና መነሻ የሚያደርግ ነው። ብዙዎቹን የሰሎሞን ዘመቻ ስደተኞች ከአዲስ አበባ ያወጣቸው የጄት ሞተር መሆኑ በዚህ ላይ ሲጨመር ነገሩ ምጸት ይሆናል፤ አንዱ ቦይንግ 747 ብቻ ከ1,000 በላይ ሰው ጭኖ ነበር።

ይህን ለመጠየቅ ጊዜው ግን ፈጽሞ አላለፈም። ወናፍ የነፉ፣ የብረትን ሙቀት በቀለሙ የለዩ ሽማግሌዎች ዛሬም በሕይወት አሉ፤ ነገ ላይኖሩ ይችላሉ። ናታንያ ያላችሁ የማኅበር መሪዎችና የሙያ ትምህርት ቤት መምህራን፣ የእነዚህን አባቶች እውቀት ለሙዚየም ብቻ አታስቀርጹት። ሳፒር ውስጥ ቶርኖና ምድጃ ወዳለበት ወርክሾፕ ይዛችኋቸው ሂዱ፤ በብረት ሥራ የሚሠለጥኑ የልጅ ልጆቻቸው ባሉበት የተበላ ብረት በእጃቸው አስይዛችሁ፣ ይጠገናል ወይስ አይጠገንም ብላችሁ ጠይቋቸው።