በሰፊው መደብ ላይ የተዘረጋ ጠባብ ሐዲድ

ቅርስን መጠበቅ ማለት የነበረውን እንደነበረ ማቆየት ነው ይባላል። በሰሜን ዌልስ የሚገኘው የባላ ሐይቅ ምድር ባቡር ግን ይህን ብያኔ ይፈታተናል።

ከሩአቦን ተነሥቶ ባርመዝ እስከተባለችው የባሕር ዳር ከተማ ይዘልቅ የነበረው መስመር እ.ኤ.አ. በ1965 ተዘጋ፤ ሐዲዱም ተነቅሎ መደቡ ባዶውን ቀረ። በ1972 በሐይቁ ዳር በሚያልፈው የመደቡ ክፍል ላይ ባቡር እንደገና መሄድ ጀመረ። የአዲሱ ሐዲድ ስፋት ግን እንደ ቀድሞው 1435 ሳይሆን 600 ሚሊ ሜትር ያህል ነው። ምክንያቱ ወጪ ነው። ከባዱ ሥራ፣ ማለትም ኮረብታ መቁረጥና ጎድጓዳ መሙላት፣ ቀድሞ ተከናውኗል፤ ቀላል ሐዲድና ትንንሽ ፉርጎ ደግሞ በአነስተኛ ገንዘብ ይገኛል። ሎኮሞቲቮቹም ቢሆኑ ከየድንጋይ ካባው ተርፈው ነበር። በ1902 የተሠራው ባለ እንፋሎቱ «ሆሊ ዋር» በ1969 በተዘጋው የዲኖርዊክ ካባ ሲያገለግል የኖረ ነው።

ታዲያ ይህ ቅርስ ነው ወይስ ማስመሰያ? በዚያ መደብ ላይ እንዲህ ያለ ባቡር ቀድሞ ሄዶ አያውቅም። የባላ ነዋሪም ወደ ባሕሩ ያደርሰው የነበረውን አገልግሎት መልሶ አላገኘም። በአንጻሩ የሁለት ሥራዎች ትራፊ፣ የአንዱ መደብ የሌላው ሎኮሞቲቭ፣ ተገናኝተው ከመጥፋት ድነዋል፤ ድርጅቱም ስሙን የሚጠራው በአገሬው በዌልሽ ቋንቋ ነው። የታሪክ ጸሐፊ ድርሻ የዳነውን ከማወደሱ ጋር ያልተመለሰውንም መመዝገብ ነው።