የሣሩና የመሬቱ ታሪክ፤ ከሞምባሳ ዳርቻ እስከ ካሩራ ደን

ጎልፍ በኬንያ የጨዋታ ታሪክ ብቻ ሳይሆን የመሬትም ታሪክ አለው። በዌስትላንድስና በአካባቢው የምንኖር ሐበሾች የዕረፍት ቀን ሲመጣ ወደ ሞምባሳ፣ ወደ ዲያኒ ወይም ወደ ኪሊፊ ስንወርድ የምናያቸው ለምለም ሜዳዎች ከባሕሩና ከዘንባባው ጋር አብረው የተፈጠሩ ይመስላሉ። ነገር ግን እያንዳንዳቸው በዓመተ ምሕረት የሚቆጠር ልደትና በሕግ የተጻፈ የይዞታ ሰነድ አላቸው። (በዚህ ጽሑፍ የተጠቀሱት ዓመታት በሙሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።)

ጨዋታው የተወለደው በስኮትላንድ የባሕር ዳርቻ ነው። ለእርሻ በማይመች አሸዋማ መሬት ላይ ከብት ይግጥበት፣ ልብስ ይሰጣበት፣ ኳስም ይመታበት ነበር። በ1457 የስኮትላንድ ምክር ቤት ወጣቱ ቀስት መወርወርን ትቶ በጎልፍ ተጠምዷል ብሎ ጨዋታውን እስከ መከልከል ደርሷል። የጎልፍ እናት የምትባለው የሴንት አንድሩስ ከተማ ሕዝብ በ1552 በተጻፈ ሰነድ በዳርቻው መሬት የመጠቀምና የመጫወት መብቱ ጸንቶለታል። ዛሬም ቢሆን ጥንታዊው ሜዳ እሑድ እሑድ ለጨዋታ ይዘጋና ማንም ሰው እንዳሻው ይንሸራሸርበታል። እንግዲህ ጎልፍ በትውልድ ስፍራው አጥር አልነበረውም ማለት ነው።

ወደ ምሥራቅ አፍሪካ ሲሻገር ግን ሌላ መልክ ያዘ። ከሞምባሳ የተነሣው የባቡር ሐዲድ በ1899 ናይሮቢ ደረሰ፤ በ1905 የአስተዳደሩ መቀመጫ ከሞምባሳ ወደ ናይሮቢ ተዛወረ። በዓመቱ፣ በ1906፣ የናይሮቢ ጎልፍ ክለብ ተመሠረተ። በ1911 ደግሞ በሞምባሳ ደሴት፣ ከሕንድ ውቅያኖስ በላይ ባለው ገደል አፋፍ፣ ባለ 9 ጉድጓዱ የሞምባሳ ጎልፍ ክለብ ተከተለ። ከተማው ገና መንገዱን ሳያስተካክል ሹማምንቱ ሜዳቸውን አስተካክለዋል።

እዚህ ላይ በባሕር ዳርቻው የነበረውን የመሬት ሕግ ማስታወስ ያስፈልጋል። 16 ኪሎ ሜትር ያህል ስፋት ያለው የዳርቻ ቀበቶ እስከ 1963 ድረስ በስም የዛንዚባር ሱልጣን ግዛት ነበር። በ1908 የወጣው የመሬት ባለቤትነት ሕግ ይዞታ አለኝ የሚል ሁሉ ቀርቦ እንዲያስመዘግብ አዘዘ፤ ያልተመዘገበው ወደ መንግሥት ዞረ። ወረቀት የማያውቀው፣ መሬቱንም በጋራ የሚይዘው የሚጂኬንዳ ገበሬ በአብዛኛው ሳያስመዘግብ ቀረ። ከዚህም የተነሣ ብዙ ቤተሰቦች በአያቶቻቸው ቀዬ ሰነድ አልባ ሰፋሪዎች ሆኑ። የባሕር ዳርቻው የመሬት ቁስል እስከ ዛሬ ያልሻረው በዚህ ምክንያት ነው። ሆቴሉም፣ ቪላውም፣ የጎልፍ ሜዳውም የቆመው ይህ ሕግ ባዘጋጀው መሬት ላይ ነው።

በቅኝ ግዛት ዘመን የአብዛኞቹ ክለቦች በር ለነጮች ብቻ የተከፈተ ነበር። አፍሪካዊው ወደ ሜዳው የሚገባው ሣር ሊያጭድ፣ ወይም ካዲ ሆኖ የባለጨዋታውን ከረጢት ሊሸከም ነበር። ከዌስትላንድስ በዋያኪ ዌይ ወደ ካቤቴ ሲዘለቅ የሚገኘው የቬት ላብ ክለብ ስሙን የወረሰው ከእንስሳት ሕክምና ላቦራቶሪው ነው። የካረን ክለብ በ1937 የተቋቋመው ደራሲዋ ካረን ብሊክሰን በ1931 ትታው በሄደችው የቡና እርሻ ላይ ነው። የናይሮቢው ክለብ ደግሞ የንጉሣዊነት ማዕረግ አግኝቶ ከኪቤራ ጎን ተዘርግቶ ይገኛል። ከሰማይ የተነሡ ፎቶግራፎች የተከረከመውን ሣርና የዛገውን ቆርቆሮ አንድ አጥር ሲለያቸው ያሳያሉ።

ከነጻነት በኋላ በሩ ለሁሉም ዜጋ ተከፈተ፤ ከዚያ ወዲህ የሚያግደው የቆዳ ቀለም ሳይሆን የአባልነት ክፍያ ሆነ። በ1967 የኬንያ ኦፕን ውድድር ተጀመረ። ስፔናዊው ሰቬ ባሌስቴሮስ በ1978፣ የዌልሱ ኢያን ዉዝናም በ1986 አሸንፈውበታል። በካዲነት የጀመሩ ብርቱ ተጫዋቾች ከኬንያ ቢወጡም እስከ 2025 ድረስ ዋንጫውን ያነሣ ኬንያዊ የለም። በዳርቻውም በ1956 ከተቋቋመው ኒያሊ ቀጥሎ በዲያኒ ከሆቴል ጋር የተጣመረ ሜዳ መጣ። በ2009 ደግሞ በኪሊፊ፣ ቀድሞ የቃጫ እርሻ በነበረው ቪፒንጎ ላይ፣ ቤት ገዢን የሚጋብዝ ታላቅ ሜዳ ተከፈተ። በ2019 የአውሮፓ ሴት ጎልፈኞች በዚያው ተወዳድረው ጀርመናዊቷ ኤስተር ሄንሰላይት አሸንፋለች። ቱሪዝሙ እንጀራ መስጠቱ አይካድም። አትክልተኛው፣ አስተናጋጁና ካዲው ከዚያ ያድራሉ።

ይሁንና የጎልፍ ሜዳ ጥያቄ በባሕር ዳርቻ ብቻ አልተወሰነም፤ እኛው ደጃፍ ድረስ መጥቷል። በ1990ዎቹ መጨረሻ የካሩራ ደን እየተሸነሸነ ለግለሰቦች ይታደል ነበር። ጥር 8 ቀን 1999 ዋንጋሪ ማታይና ጓደኞቻቸው፣ የምክር ቤት አባላትም ጭምር፣ ለጎልፍ ሜዳ ሊመነጠር በታሰበ ቦታ ችግኝ ሊተክሉ ሄዱ። የተሰለፉ ጠባቂዎች ደበደቧቸው፤ ማታይም ራሳቸው ላይ ቆሰሉ። ቁጣው ከናይሮቢ አልፎ ዓለምን አዳረሰ። በዚያው ዓመት ነሐሴ ወር ፕሬዚዳንት ሞይ የሕዝብ መሬት እንዳይታደል አገዱ። ማታይ በ2004 የኖቤል የሰላም ሽልማት ተቀበሉ። ዛሬ እሑድ እሑድ ልጆቻችንን ይዘን የምንሄድበት ጥላ የዚያ ደም ዋጋ ነው።

ቅኝ ያልተገዛችው አገራችንም ከዚህ ታሪክ ፈጽሞ የራቀች አይደለችም። ዐፄ ምኒልክ ለእንግሊዝ ሌጋሲዮን በሰጡት ሰፊ የአዲስ አበባ ግቢ ውስጥ ዲፕሎማቶቹ ባለ 9 ጉድጓድ ሜዳ አበጅተዋል።

በ2010 የጸደቀው የኬንያ ሕገ መንግሥት የውጭ ዜጋ የሚይዘው መሬት በሊዝ ከ99 ዓመት እንዳይበልጥ ወስኗል፤ የቆዩ የመሬት በደሎችን የሚመረምር ብሔራዊ ኮሚሽንም አቋቁሟል። ሊዝ ሲያበቃ ለማን ይታደሳል? የባሕሩ ዳር መተላለፊያስ ለማን ክፍት ይሆናል? የሚሉት ጥያቄዎች ገና አልተዘጉም። በሞምባሳ ከአሮጌው ክለብ አቅራቢያ፣ በ2019 የታደሰው የማማ ንጊና መናፈሻ ማንም ሰው ያለ አባልነት ተቀምጦ ባሕሩን የሚያይበት ስፍራ ነው። ከሴንት አንድሩስ ይልቅ ጎልፉ ብቻ ተሻግሮ የእሑዱ ልማድ መቅረቱ ያሳዝናል፤ መናፈሻውና ካሩራ ግን ያ ልማድ በዚህም ምድር ሊበቅል እንደሚችል ምስክሮች ናቸው።